ሞተሬን በ900 ዶላር ያስበላሁበት ሪቦር፦ አሉሚኒየም ብሎክ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ የድሮ ሆንዳ ገዝታችሁ ሞተሩን "ላሳድገው" ለምትሉ ልጆች ነው። ሰሞኑን ሦስት ሰው ሪቦር ስለሚሠራ፣ ማለት ሲሊንደር ቆርጦ ስለሚያሰፋ፣ አንድ ማሽን ሾፕ በውስጥ መስመር ጠይቆኛል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። የቤቱን ስም አልጠራም። ግን ወሬያቸውን ስነግራችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ደግሞም እንዲህ የሚሠሩት እነሱ ብቻ አይደሉም።

መኪናዬ የ2000 ኢንቴግራ ጂኤስአር ናት። ሞተሯ ቢ18ሲ1 ይባላል። ብሎኩ፣ ማለት ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል፣ አሉሚኒየም ነው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ግን ውስጡ የተቀበረ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፣ ስሊቭ የሚሉት። ከፋብሪካ ስትወጣ የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊ ነው። ዕድሜዋ ስለገፋ ዘይት መብላት ጀምራ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ኳርት ዘይት። ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ብቻ ብትቀይር ይበቃት ነበር። እኔ ግን ሞተሩ ከወረደ አይቀር ትንሽ ጉልበት ልጨምርላት አልኩ። ስግብግብነት በሉት።

እዚያ ቤት ያቀረቡልኝ እንዲህ ነበር፦ ሪቦር ወደ 84 ሚሊ፣ ሆኒንግ (የሲሊንደሩን ግድግዳ ፍቆ ማስተካከል)፣ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን ከነፋሻው፣ በአንድ ሳምንት፣ ሁሉም በ900 ዶላር። ሌላ ቦታ ስጠይቅ "ለ84 መጀመሪያ ስሊቩ ወጥቶ በወፍራም መተካት አለበት" ብለው ከእጥፍ በላይ ጠርተውልኝ ነበር። ሊበሉኝ ነው ብዬ ትቻቸው ሄድኩ። አያችሁ፣ እውነቱን የነገሩኝን ሰዎች ነው ሌባ ያልኳቸው።

ሳልጠይቅ ግን አልቀረሁም። "የፋብሪካው ስሊቭ 84 ይችላል?" አልኩት የ900 ዶላሩን ቤት ባለቤት። ሳቀ። "የሲአርቪ ሞተር ከፋብሪካው 84 አይደል እንዴ? እሱም ቢ ነው፣ ያንተም ቢ ነው" አለኝ። ሲአርቪም የሆንዳ መኪና ነው፣ ቢ ደግሞ የሁለቱ ሞተሮች የጋራ ቤተሰብ ስም ነው። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ሰው የሚያጠምዱባት እሷ ናት። ግማሿ እውነት ነው። የሲአርቪው ቢ20ቢ በእርግጥ 84 ሚሊ ነው። ነገር ግን ሆንዳ ያንን ብሎክ ሲሠራ ስሊቮቹን እርስ በርስ አያይዞ፣ ከመጀመሪያው ለ84 ብሎ ነው ያሰናዳቸው። የእኔዎቹ ለ81 የታሰቡ ናቸው። ከላይ በኩል ዙሪያቸውን ውሃ ነው፤ ደግፎ የሚይዛቸው ነገር የለም። ኦፕን ዴክ የሚሉት ይኸው ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ተነስቶ ከላይ ስታዩት አራት ብርጭቆ በትሪ ላይ የተደረደረ ይመስላል። ደግሞ ያ የሲአርቪ ሞተር ራሱ ጉልበት ሲበዛበት ስሊቭ በመሰንጠቅ ስሙ የጠፋ ነው። እሱን ነው እንግዲህ ምስክር አድርጎ ያመጣልኝ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከ81 ወደ 84 ሦስት ሚሊ። በዙሪያው ስለሚቆረጥ ከየጎኑ 1.5 ሚሊ ይሄዳል። ስሊቩ ከመነሻውም ጥቂት ሚሊ ነው፤ ከዚያ ላይ 1.5 ስታነሱለት የሚተርፈው ቆርቆሮ ነው። የቆራጩ ማሽን መሃሉን አስተካክሎ ካልያዘ ደግሞ አንዱ ጎን ከሌላው ይሳሳል። እና ይህ ሁሉ ለምንድን ነው? 1797 ሲሲ የነበረው 1933 ይሆናል። 136 ሲሲ ጭማሪ። ሁለት ሲኒ ቡና ቢሆን ነው። ወደ 81.5 ብቻ ቢሰፋ ደግሞ ጭማሪው 22 ሲሲ ነው፣ የሲኒውን ግማሽ አይሞላም። ስለዚህ የፋብሪካው ስሊቭ ላይ ሪቦር የሚደረገው የተበላ ሲሊንደር ለማስተካከል ነው እንጂ ጉልበት ለመጨመር አይደለም። ይህን ማንም አልነገረኝም ማለት አልችልም፤ ነግረውኛል፣ አልሰማሁም።

ሞተሩ ገባ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ወደ 1,100 ማይል ነዳሁት። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ 495 አውራ ጎዳና ላይ የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ሲወጣ አየሁ። ዳር ያዝኩ። የኩላንት ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ይንተከተካል፣ ከኋላ ነጭ ጭስ። ሚስቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ታየኛለች። ያ ዝምታ ከሞተሩ ይበልጥ አስጨነቀኝ።

ቴስታታው ሲነሳ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ። ፀጉር ነው የሚመስለው። ጥፍሬን ሳስኬድበት ያዝ አደረገኝ። ከዚያ ጓርኒሲዮኑን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ሳየው ይባስ ብሎ የፋብሪካው ነው፣ ለ81 የተሠራው። ሲሊንደሩ ሰፍቶ ጓርኒሲዮኑ ጠባብ ስለሆነ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቶ ተንጠልጥሏል፣ ዙሪያውን ጠቁሮ ተበልቷል። እንደዚያ የተንጠለጠለ ብረት እንደ ፍም ይግላል። ካንዴላው ሳይተኩስ ቤንዚኑን ቀድሞ ያቀጣጥለዋል። የሳሳ ስሊቭ ላይ ደግሞ ያ ማለት መዶሻ ነው። እነዚህ ሰዎች 84 ቆርጠው የ81 ጓርኒሲዮን ገጠሙልኝ እኮ!

ፎቶውን ለአጎቴ ላኩለት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ሌሊት ላይ ደወለልኝ፣ ለእሱ ጠዋት ነው።

"ስንት ቆረጡልህ?"

"ሦስት ሚሊ፣ ጋሼ።"

"ስንት ቀረህ?"

ዝም አልኩ።

"አንተ ልጅ፣ በግ ስትገዛ ጀርባውን ሳትዳብስ ነው ብር የምትቆጥረው?"

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሁላችንም ስንት ይሰፋል ብለን ነው የምንጠይቀው። የስሊቩን ውፍረት የሚለካ የአልትራሳውንድ መሣሪያ አለ፤ ደህና ማሽን ሾፕ ሳይቆርጥ በፊት አራቱንም ሲሊንደር በየአቅጣጫው ይለካና ቁጥሩን ጽፎ ይሰጣችኋል። ቁጥሩ ከሌለ ብሎካችሁን ይዛችሁ ውጡ። በቢ18ሲ የፋብሪካ ስሊቭ ላይ እኔ አሁን ከ81.5 አላልፍም። 82 የሚያስቆርጡ አሉ፣ የእነሱ ጉዳይ ነው። 84 ከፈለጋችሁ ግን የድሮው ስሊቭ ወጥቶ ወፍራም መግባት አለበት። እንደ ዳርተን ያሉ ስሊቭ አምራቾች ለዚሁ የሚሠሩት ስሊቭ ጠንከር ካለ፣ በቀላሉ ከማይሰነጠቅ ብረት ነው።

እሱም ቢሆን በደህና እጅ ካልገባ ሌላ ጣጣ አለው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ወደ እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ስሊቩ ሲገባ በልኩ ጠበቅ ካላለ፣ ሞተሩ ሲግል ይላላና ወደ ታች ይሰምጣል። የሚሰምጠው መቶኛ ሚሊ ነው፣ ዓይን አያየውም፤ ጓርኒሲዮኑ ግን ያውቀዋል። ስለዚህ ስሊቭ ከገባ በኋላ የብሎኩ ፊት ተልጎ መስተካከል አለበት፣ ውሃ እንዳያሳልፍም በግፊት መፈተሽ አለበት። "ይህ ተጨማሪ ክፍያ ነው" ካሏችሁ ክፈሉ። "አያስፈልግም" ካሏችሁ ግን ሽሹ።

ሌላው ቶርክ ፕሌት ነው። የቴስታታው ብሎኖች ሲጠብቁ ብሎኩን ይጎትቱታል፣ ክብ የነበረው ሲሊንደር ይጣመማል። ስለዚህ ሆኒንግ ሲደረግ በቴስታታው ፋንታ ወፍራም የብረት ሳህን በሙሉ ጥብቀት ይታሰርና፣ ሞተሩ ሲሠራ የሚይዘውን ቅርጽ ይዞ ይፋቃል። ሳህኑ ለየሞተሩ የተለየ ነው። "የቢ ሲሪስ ቶርክ ፕሌታችሁን አሳዩኝ" በሉ። ያለው ሰው ደስ ብሎት ያሳያችኋል፣ ውድ ዕቃ ነው። የእኔው "በልምድ እናውቀዋለን" ነበር ያለኝ።

ፒስተኑስ? እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ብሎኬ ተቆርጦ ካለቀ ከአራት ቀን በኋላ ነው ፒስተኑ በፖስታ የመጣው! ሲሊንደር የሚቆረጠው እጅ ላይ ባለው ፒስተን ልክ ነው እንጂ ካርቶኑ ላይ በተጻፈ ቁጥር አይደለም። እያንዳንዱ ፒስተን አምራቹ በሚያዝዘው ቦታ ላይ ይለካል፣ ሲሊንደሩ ከዚያ ላይ በፒስተኑና በግድግዳው መካከል የሚያስፈልገው ክፍተት ተጨምሮ ይፋቃል። ፎርጅድ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። 2618 የሚባለው ቅይጥ ሲሊኮኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ሲሞቅ በደንብ ይፋፋል፤ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፣ ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ኳ ኳ ይላል። 4032 ሲሊኮን ስላለው ጠበብ ተደርጎ ይገጠማል፣ ለየቀን መኪና ይመቻል። የትኛው እንደሆነ ስጠይቅ "ፎርጅድ ነው አልኩህ" ተባልኩ። ወፍጮ ቤት ሄዶ የጤፉን ዓይነት ሲጠይቅ "ዱቄት ነው" እንደተባለ ሰው ሆንኩ።

ልኬቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ብሎኩ ከማሽኑ እንደወረደ ትኩስ እያለ ከተለካ ቁጥሩ ይዋሻል። ቀዝቅዞ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ነው የሚለካው። በሙቀቱ ልዩነት ብቻ ሁለት ሦስት መቶኛ ሚሊ ሊዛባ ይችላል፣ የፒስተኑ ክፍተት ደግሞ ራሱ በመቶኛ ሚሊ የሚቆጠር ነው። ላይ፣ መሃል፣ ታች፣ በሁለት አቅጣጫ። ለአንድ ሲሊንደር ስድስት ቁጥር። 24 ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ካልያዛችሁ ሥራው ተሠርቷል አትበሉ።

ገንዘቡን ማስመለስ? ሄጄ ነበር። "ቱኒንጉን (የሞተሩን የነዳጅና የእሳት ማስተካከያ) አበላሽተኸው ነው" አለኝ። ደረሰኙን ሳወጣ ከታች በትንሽ ፊደል ለውድድር ብቻ የሚውል፣ ዋስትና የሌለው የሚል አለ፣ ፊርማዬም ከሥሩ ተቀምጧል። በዚያ ላይ የከፈልኩት በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) ነው፣ "በካርድ ከሆነ 4 በመቶ ትጨምራለህ" ስላሉኝ። 36 ዶላር ለማዳን ማለት ነው። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ባንኩ ጋ አቤቱታ አቅርቤ እሟገት ነበር፤ ዜል ግን አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም እስከ 5,000 ዶላር በትንንሽ ክስ ችሎት ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል። ግን ምን ይዤ ልክሰስ? ልኬት የለኝ፣ የፒስተኑ ዓይነት አልተጻፈ፣ ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ የሚቆረጠው መጠን፣ የሚቀረው ውፍረት፣ ክፍተቱና የጓርኒሲዮኑ ስፋት በቁጥር ይግባ።

ሌሎች ሞተሮች ያላችሁም አትዝናኑ። የሆንዳ ፕሪሉድ ኤች22 ያላችሁ፣ የእናንተ የሲሊንደር ግድግዳ ተራ ብረት አይደለም፣ ቃጫ የተቀላቀለበት ነው፤ ማንኛውም ፒስተንና ፋሻ አይስማማውም። የቶዮታ ሴሊካ ጂቲኤስ ሞተር 2ዜድዜድም የብረት ስሊቭ የለውም፣ እንደ ተራ ብሎክ ሪቦር አይደረግም። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ ኮሮላው ላይ ያለው 1ዜድዜድና የቪትዝ ቤተሰብ 1ኤንዜድ ስሊቫቸው በጣም ቀጭን ነው፣ ቶዮታም ሪቦር ይደረጋል ብሎ አልሠራቸውም፣ ትርፍ መጠን ፒስተንም አያወጣላቸውም። "ሃምሳ እናስገባለት" (በግማሽ ሚሊ የሰፋ ፒስተን ማለት ነው) የሚል ካለ ፒስተኑን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ የጻፍኩበት ምክንያት። የተሰነጠቀውን ብሎክ እዚያው ቤት ጥዬላቸው ነበር የወጣሁት፣ ተናድጄ፣ ለቁራሌው ይሁንላችሁ ብዬ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ "ይህን ልግዛ ወይ?" ብሎ የሽያጭ ፎቶ ላከልኝ። "ቢ18ሲ ብሎክ፣ 84 ሚሊ፣ ተሠርቶ ያለቀ፣ 700 ዶላር" ይላል። ታጥቧል፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሦስተኛው ሲሊንደር የሚታይበት ፎቶ የለም። ከዘይት ፊልተሩ በላይ ግን ቀለሙ በደንብ ያልሸፈነው የነጭ ማርከር ጽሑፍ አለ፣ 84 የሚል፣ አራቷ ከላይ ክፍት የሆነች። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ሊቆረጥ የሄደ ቀን እኔው ነኝ የጻፍኩበት። ካያችሁት እንዳትገዙት።