ማሞቂያ ለመረጡልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለሚያስፈልጋችሁም ጥቆማ

ለገሃር ጀርባ ያለውን ማተሚያ ቤታችንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድሮ መጋዘን ነበር። ቁመቱ 7 ሜትር ነው፤ ኮርኒስ የለውም፣ ከላይ ባዶ ቆርቆሮ ነው። በክረምት ጠዋት ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይበርዳል። ቀለሙ ይወፍርና ሮለሩ ላይ አልዘረጋ ይላል። ጠራዦቹ ጣታቸው ደንዝዞ አንዱን ቅጠል ከሌላው መለየት ያቅታቸዋል። ለሰው ስንናገር «አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የምን ማሞቂያ? ጋቢ ደርቡ» ይሉናል። ጋቢ ደርቦ መቁረጫ ማሽን ላይ የሚቆም ካለ ይሞክረው!

ዛሬ የምጽፈው ከዚህ ስላወጡን አንድ አንጋፋ የኤሌክትሮመካኒክ ባለሙያ ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ እኛ እንደምንጠራቸው «ጋሼ» ልበላቸው። ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ ከቦይለር ጋር ነው ያሳለፉት።

ከእሳቸው በፊት ያነጋገርነው ሻጭ በስልክ ካሬውን ብቻ ጠየቀና የትልቅ የናፍጣ ሙቅ አየር ማሽን ፕሮፎርማ ላከልን። የጣሪያውን ከፍታ እንኳ አልጠየቀም። ጋሼ ግን ገና ከበሩ ሲገቡ «የሚበርደው ማነው? ሰዉ ነው፣ ማሽኑ ነው ወይስ ወረቀቱ?» አሉ። አስተዳዳሪያችን ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ቡና የምታፈላውን ልጅ ዕጣን አስጨሱና ማጨሻውን ይዘው አዳራሹን ዞሩት። ትልቁ በር ጋ ጭሱ ወደ ውስጥ ተጠማዘዘ። መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ወጣና በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ባለው ክፍተት ሹልክ አለ። ቀጥለው የኤሌክትሪክ ሙቅ አየር ነፊ አስነስተው አንድ ቴርሞሜትር ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱን ደግሞ በመሰላል ወጥተው ጣሪያው ሥር አሰሩ። ታች 16 ዲግሪ ሲል ላይ 25 ደርሶ ነበር። «ብራችሁ እዚያ ነው ያለው» አሉ ወደ ላይ እያሳዩ። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ይወጣል። በረጅም ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሞቀው ቆርቆሮው ነው። ጭነት ሲገባና ሲወጣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ የቀረውም ውልቅ ይላል።

ስለ ናፍጣው ማሽን የነገሩን ሌላው ነገር ከሁሉም በላይ አስገርሞኛል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሚነድ ነገር ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ 100 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ማሽን እዚህ ያንን ላይሰጥ ይችላል፤ ነዳጁ የሚነድበት ክፍል (በርነሩ) ለከፍታው ካልተስተካከለ ደግሞ ጥቀርሻ ያበዛል። ፕሮፎርማው ላይ ስለዚህ አንዲት ቃል አልነበረችም።

የሙቅ ውሃ ቦይለርና ራዲያተርስ? ቀንና ሌሊት ለሚሠራ፣ ሙቀቱ ለማይወጣ ቤት ጥሩ ነው አሉ። እኛ ማታ እንዘጋለን፣ ጠዋት እስኪሞቅ እኩለ ቀን ይሆናል። የጋዝ ጨረር ማሞቂያንም ሮለር በቤንዚን እንደምናጥብ ሲያዩ ወዲያው ሰረዙት። እሳትና የቤንዚን ትነት አንድ ጣሪያ ሥር አይውሉም።

በመጨረሻ የመረጡልን የኤሌክትሪክ ኢንፍራሬድ ነው፤ ያውም ለአዳራሹ ሁሉ ሳይሆን ሰው ለሚቆምበት ቦታ ብቻ። ይህ አየሩን ሳይሆን ሰዉንና ጠረጴዛውን ነው የሚያሞቀው። ደመና ገለል ሲል ፀሐይ ፊታችሁ ላይ እንደምታርፈው ማለት ነው። በሩ ቢከፈትም ስሜቱ አይጠፋም። ማጠቢያው አካባቢ ግን አንድም አላሰቀሉም፤ የጋለ ሽቦም ትነት ያቀጣጥላል። በሩ ላይ የፕላስቲክ መጋረጃ ተንጠለጠለ፣ ከላይ ቀስ ብለው የሚዞሩ ማራገቢያዎች ተገጥመው የወጣውን ሙቀት ወደ ታች ይመልሳሉ። ወረቀቱ ለብቻው ትንሽ ክፍል ተከልሎለት 20 ዲግሪ አካባቢ እንዲቆይ ተደረገ። ወረቀት ላይ ሙቅ አየር ከተነፋበት ይደርቃል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ማሽኑ ይነክሰዋል። ከቀዝቃዛ መጋዘን የመጣ ጥቅልም ሙቀቱን እስኪለምድ ሳይፈታ መቆየት አለበት። ይህን እኛ ማተሚያ ቤቶች ልናውቀው ሲገባ ከቦይለር ሰው ተማርነው፤ ይሁን።

«መብራት ቢጠፋስ?» ብለን ነበር። «ማሽኑም ይቆማል፤ ለማን ልታሞቁ ነው?» አሉ። ነገሩ እውነት ነው። ባለ ሦስት መስመሩ የመብራት ኃይላችን (ትሪ ፌዙ) ጭነቱን ይችል እንደሆነም ከመግዛታችን በፊት በየፌዙ ለክተው ጭነቱን እኩል አካፈሉት።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ጠራዦቹ ምርቃታቸውን ልከዋል።

እንግዲህ ለምትፈልጓቸው፦ ዕቃ አይሸጡም፣ የሚያስከፍሉት የሙያቸውን ነው። ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፤ ያዋጣል ባይ ነኝ። ጽሑፍ ላይ ይዘገያሉ፣ ሪፖርታቸውን በልመና ነው ያገኘሁት። በቀጠሯቸው ግን አንድም ቀን አላረፈዱም። ትልቅ ጋራዥ፣ መጋዘን ወይም ጣውላ ቤት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ስትደውሉ የጣሪያውን ቁመትና የቅርብ ወራት የመብራት ቢል ያዙ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ስልክ አያነሱም።