«ዛሬ አልሸጥልዎትም» ያለችኝ የኮዬ ፈጬ ሽቶ ሠሪ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የማስተምረው መገናኛ አካባቢ ነው። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቄ ስለምሄድ ቦዲ ስፕሬይ ለእኔ ቅንጦት አይደለም። ከሱቅ የምገዛው ግን ወይ ያስነጥሰኛል፣ ወይ ብብቴን ይለበልበኛል። ከእኛ ብሎክ ፊት ለፊት አንዲት ልጅ ቤቷ ውስጥ እየሠራች እንደምትሸጥ ሰማሁና ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ።

አልሸጠችልኝም።

«ቲቸር፣ ይሄ ከተሠራ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው። ዛሬ አልሸጥልዎትም» አለችኝ። ከዚያ ሁለት ቁራጭ ወረቀት አመጣች። አንዱ ላይ የዘጠኝ ቀኑን፣ ሌላው ላይ ሦስት ሳምንት የሞላውን ረጨች። የመጀመሪያው አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ይመታል። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፤ የጠጅ ሳር ቅጠል በእጅ አሽተው ሲያሸቱት እንዳለው። ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ልክ ነው። ልዩነቱ መቆየቱ ብቻ ነው።

አሠራሩንም አሳየችኝ። ለ100 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ የጠጅ ሳር ዘይቱን በሲሪንጅ 0.7 ሚሊ ሊትር ትለካለች፤ 14 ጠብታ ያህል ነው። ከዚያ አታሳልፍም፣ ሲበዛ ቆዳ ያሳክካል። ጥቂት የዕጣን ዘይት ታክልበታለች።  ዘይት ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ መጀመሪያ የሚገባው አልኮሉ ውስጥ ነው። የተነጠረው ውሃ በመጨረሻ ቀስ እያለ ይጨመራል። ውሃው ከበዛ ፈሳሹ ወተት ይመስላል። ይህን ሁሉ የምትሠራው በረንዳ ላይ ነው፣ የቡና ከሰል በማይነድበት ሰዓት። አልኮል ከእሳት ጋር አይቀለድበትም።

በአንድ ጊዜ 12 ብልቃጥ ብቻ ትሠራለች። የጠጅ ሳር ዘይት ብርሃንና አየር ሲያገኘው ሽታው ስለሚለወጥ፣ ሠርቶ ከማከማቸት ትንሽ ትንሽ መሥራት ይሻላታል። ብልቃጦቹም ጥቁር ቡናማ ናቸው።

እኔ ጤና አዳም አለበት ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ሽታውን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። «እሱን ለቡናዎ ያድርጉት» አለች። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃም ይቋጥራል። ገዢ የጠየቀውን ሁሉ ሠርታ መሸጥ ትችል ነበር። ይህን በመከልከሏ ነው ይበልጥ ያመንኳት።

ሁለት ሳምንት ጠብቄ የጠጅ ሳሩን ወሰድኩ፤ 350 ብር። ጠዋት 12 ሰዓት ተረጭቼ እስከ ምሳ ድረስ በልብሴ ላይ ይሸተኛል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ያለውን ሰው አያስነጥስም። ብብቴን ከላጨሁ በኋላ ግን ወዲያው አልረጨውም፤ አልኮል ነውና ያቃጥላል። በማግስቱ ምንም አይለኝም።

የጽጌረዳውን ግን አልመክርም። መገናኛ ሳልደርስ ይጠፋል። ለአንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ብዙ ኩንታል አበባ ስለሚያስፈልግ፣ በዚህ ዋጋ እውነተኛውን ማግኘት አይቻልም። የምትጠቀመው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሽታ መሆኑን ራሷ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ክዳኑ ቦርሳ ውስጥ ሲጋደም ያፈሳል፤ የአንድ ክፍል ደብተር አበላሽቶብኛል። ብልቃጡ ላይ የተሠራበትን ቀን የጻፈችበት ወረቀትም አልኮል ሲነካው ይፈዛል። ስኮች ለጥፊበት ብያት፣ አሁን ትለጥፋለች። ክዳኑ ግን እስካሁን ያው ነው፤ ስለዚህ በፌስታል ጠቅልዬ ነው የምይዘው።

ባዶ ብልቃጥ ለሚመልስ 50 ብር ትቀንሳለች። የሚቀጥለው የጠጅ ሳር ቅዳሜ 21 ቀኑን ይሞላል። ሁለት አስይዣለሁ፤ አንዱ ለእህቴ ነው።