ስታርዲው ቫሊ ወይስ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር?

ከሥራ በኋላ አእምሮን ለማሳረፍ የቱ ይሻላል፦ ስታርዲው ቫሊ የተባለው በስልክም የሚጫወቱት የእርሻ ጌም ወይስ የሐይቅ ዳር ሽርሽር?

ወጪ፦ ጌሙ አንዴ ከተገዛ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ስልኩ ባትሪ ካለው መብራት ቢጠፋም አያሳስብም። ሐይቅ ዳር መራመድም ብዙ አያስወጣም፤ ግን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ደርሶ የተጠበሰ ዓሣ ሳይቀምስ የሚመለስ ጨካኝ ማን ነው?

እረፍት፦ ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው በዚህ ጌም ተጫዋቹ ማሳ ያጠጣል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ከሥራ መጥቶ ሌላ ሥራ? አዎ። ነገር ግን እዚያ ያጠጡት ዘር በቀጠሮው ይበቅላል፤ ስብሰባ የለም፣ አለቃ የለም። ድካሙ ወዲያው ፍሬ ሲያፈራ ማየት ብዙ መሥሪያ ቤት የማይሰጠው ደስታ ነው። ሐይቁ ደግሞ ምንም አይጠይቅም፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ስጋት፦ የጌሙ አንድ ቀን 14 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ «አንድ ቀን ብቻ» እየተባለ ይነጋል። በጌሙ ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ያልተኛ ገበሬ እዚያው ይወድቃል፤ ተጫዋቹን ግን የሚያስተኛው የለም። ሐይቅ ዳር ሲመሽ ትንኝ አለ።

ለማን? ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ለዋለ ሐይቁ። በባንክ መስኮት ሰው ሲያስተናግድ ለዋለ ጌሙ፤ ሐይቅ ዳር የሚያውቀው ሁሉ ሰላምታ ይዞ ይጠብቀዋልና።