ዘጠኝ ወር ከልጄ ካር ሲት ጋር፤ አራቱ ለይስሙላ ነበሩ

ካር ሲቱን፣ ማለትም ሕፃን መኪና ውስጥ የሚታሰርበትን ወንበር፣ ከአሜሪካ ያመጣችልኝ እህቴ ናት። ልጄ ያኔ 8 ወሯ ነበር፤ አሁን 17 ሞላት። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ እናቴ ቤት፣ ሳናሰልስ ተጠቅመንበታል። በትክክል ታስሮ የሄደው ግን የመጨረሻዎቹን 5 ወራት ብቻ ነው።

መኪናዬ የቆየች ቪትዝ ናት። አይሶፊክስ የሚባለው፣ ካር ሲቱን ከመኪናው ብረት ጋር በቀጥታ የሚያያይዘው ነገር የላትም። መቀመጫውና መደገፊያው መሃል እጄን ከትቼ ፈለግኩ። ያገኘሁት የደረቀ ቆሎና የአንድ ብር ሳንቲም ነው። ስለዚህ በመኪናው ቀበቶ ማሰር ግድ ሆነ። አሳለፍኩ፣ ቀጭ አደረግኩ፣ ጎትቼ አጠበቅኩ። በቃ፣ ጨረስኩ አልኩ። ሁለት ሦስት መታጠፊያ ካለፍኩ በኋላ ግን ሊነቀል እንደደረሰ ጥርስ ይነቃነቃል። በመንገዱ አሳብቤ ተውኩት።

ጥፋቱ የመንገዱ አልነበረም። የመኪናዬ የኋላ ቀበቶ የሚቆልፈው ድንገት ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። ቀስ ብለው ሲስቡት ይለቃል። ለአዋቂ ሰው ይመቻል፤ ካር ሲት ሲታሰርበት ግን ቀኑን ሙሉ ትንሽ በትንሽ ይላላል። ብዙ የአሜሪካ መኪኖች ቀበቷቸው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲመለስ እዚያው ይቆልፋል። የእህቴ ካር ሲት የተሠራው ለእነሱ ነው።

መፍትሔው ለካ ቤቴ ነበር። ካር ሲቱ ጀርባ ላይ በእንግሊዝኛው ኤች ፊደል ቅርጽ የተሠራች ጠፍጣፋ ብረት ተለጥፋ መጥታ ነበር። ትርፍ ዕቃ መስላኝ መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ቻርጀሮች ጋር ወርውሬያታለሁ። አንድ እሑድ መመሪያውን ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው የገባኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀበቶውን በካር ሲቱ መተላለፊያ አሳልፋችሁ ትቆልፋላችሁ። በጉልበታችሁ ተጭናችሁ የላላውን ሁሉ ትስባላችሁ። ከዚያ መቆለፊያው ውስጥ የሚገባው ብረት አጠገብ፣ የወገቡንና የደረቱን ቀበቶ አንድ ላይ ቆንጥጣችሁ እንደያዛችሁ ትፈቱታላችሁ። ኤቿን ከዚያ ብረት 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳትርቅ ሁለቱ ቀበቶዎች ላይ ትሰኳታላችሁ። መልሳችሁ ስትቆልፉ ይታገላችኋል፤ ከታገላችሁ ደግ ነው። እኔን ጥፍር አስከፍሎኛል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ ይዛችሁ ነቅንቁት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ አልታሰረም። ራስጌውን ይዛችሁ ከነቀነቃችሁት ግን መቼም ይንቀሳቀሳል፤ እሱ አያስደንግጣችሁ።

ሌላም ስህተት ሠርቻለሁ። ካር ሲቱ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ነው የሚታሰረው። ጎኑ ላይ ያለችው መስመር ከመሬቱ ጋር ትይዩ መሆን አለባት፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ማለት ነው። እኔ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ቁልቁል በቆመ መኪና ውስጥ አስተካከልኳት። ቤት ስንደርስ የልጄ አገጭ ደረቷ ላይ ተደፍቷል። እንዲህ ሲሆን ሕፃን አየር ያጥረዋል። መመሪያው ስለሚፈቅድ ፎጣ ጠቅልዬ በእግሯ በኩል ከካር ሲቱ ሥር ሸጎጥኩና ተስተካከለ።

ኤርባግ ያለበት የፊት ወንበር ላይ ግን በዚህ አኳኋን ፈጽሞ አታስሩ።

እናቴ በጀመርን ሰሞን፣ «ልጅን ጀርባ አዙሮ ማሰር ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ስጪኝ፣ እኔ አቅፌያት እሄዳለሁ» ትል ነበር። የሕፃን ጭንቅላት ከባድ፣ አንገቱ ለጋ ነው፤ ከፊት ሲጋጩ ጉልበቱን መላ ጀርባዋ ተካፍሎ ይቀበለው ብዬ ባስረዳትም አልሰማችኝም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ቀጥ ሲል፣ 10 ኪሎ የምትመዝን ልጅን ለመያዝ የ200 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። «እማዬ፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ ሲወረወር በክንድሽ ትይዢዋለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። በሳምንቱ ለጎረቤቷ ስታስረዳ ሰማኋት፤ ሦስት ኩንታል አድርጋዋለች።

ቅሬታም አለኝ። ለቪትዝ በጣም ግዙፍ ነው። ባለቤቴ ፊት ሲቀመጥ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካል። ክብደቱ ሁሉ በፓውንድ ስለተጻፈ ስልኬ ላይ ማስላት ነበረብኝ፤ ጀርባ አዙሮ የሚያስኬደው የክብደት ጣሪያ፣ 40 ፓውንድ፣ 18 ኪሎ ገደማ ነው። ጨርቁ ይታጠባል። ማሰሪያዎቹ ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው የሚጠረጉት። ሠራተኛችን በረኪና ይዛ ስትመጣ ነው የደረስኩባት።

ክረምት ላይ ወፍራም ጃኬት አልብሼ አላስራትም፤ ማሰሪያው የጠበቀ መስሎ ልል ይሆናል። መጀመሪያ ትታሰራለች፣ ትከሻዋ ላይ ማሰሪያው በጣት ተቆንጥጦ የማይያዝ ከሆነ በኋላ ጋቢው ከላይ ይደረባል።

ታክሲ ላይ ሁለት ጊዜ ሞክረነዋል። የኋላ ቀበቶው መቆለፊያ ሁለቱም ላይ ፎደራው ሥር ተቀብሮ ነበር። አንደኛው ሾፌር፣ «እህቴ፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለኝ። ከዚያ አብረን ፎደራውን ገልጠን አወጣነው።

አሁን የምፈራው ላቫጆን ነው። ልጆቹ ለማጠብ ይፈቱትና መልሰው ሲያስሩት ኤቿን ይረሷታል። አንድ ቀን ወለሉ ምንጣፍ ሥር ነው ያገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ላቫጆ በር ላይ እፈታትና ቦርሳዬ ውስጥ እከታታለሁ፤ መኪናዋ ታጥባ ስትወጣ ራሴ በጉልበቴ ተንበርክኬ አስራለሁ።