ረቂቅዎን ለማን ይሰጣሉ? አራት የሕትመት መንገዶች ጎን ለጎን

ረቂቁን የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያስወጣኛል?» ብሎ ነው። እኔም የመጀመሪያ መጽሐፌን ይዤ ስዞር ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። አንድ አከፋፋይ ከመሳቢያው የካርቦን ደረሰኝ አውጥቶ «የመጽሐፉን መብት ሸጫለሁ» የምትል አንዲት መስመር ጻፈና አስፈረመኝ። ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ማኪያቶም ጋበዘኝ። የትኛውን እትም? ስንት ቅጂ? እስከ መቼ? በድምፅ ቢተረክስ? እኔ አልጠየቅሁም፤ እሱም አልነገረኝም። መጽሐፉ ሦስተኛ እትም ላይ መድረሱን ያወቅሁት አንድ አዟሪ መንገድ ላይ «ይኼን አንብበኸዋል?» ብሎ ሲያሳየኝ ነው። በሽፋን ዋጋው ከፍዬ ገዛሁት።

ስለዚህ የሚከተሉትን አራት መንገዶች የማወዳድረው በዋጋ ብቻ አይደለም። ከእጅዎ ምን ይወጣል፣ መቼስ ይመለሳል? የሚለውንም አብሬ አያለሁ።

በራስ ገንዘብ ማሳተም

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ደራሲ የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። አርታኢ ቀጥሮ፣ ገጽ አስቀንብቦ፣ ሽፋን አሠርቶ፣ ማተሚያ ቤት ገብቶ በቅጂ ብዛት ይዋዋላል። መብቱ ሙሉ በሙሉ የደራሲው ነው፤ ዕዳውም እንዲሁ።

ለስሌት ያህል 2,000 ቅጂ አሳተሙ፣ አንዱ በ180 ብር ወጣልዎ፣ የሽፋን ዋጋው 400 ብር ነው እንበል። ለአከፋፋይና ለመደብር 35 በመቶ ከለቀቁ ከአንድ መጽሐፍ የሚደርስዎ 260 ብር ነው። ያወጡትን 360,000 ብር ለመመለስ ብቻ 1,385 ቅጂ መሸጥ አለበት። ሁሉም ካለቀ 160,000 ብር ያተርፋሉ። 1,100 ላይ ከቆመ ግን 74,000 ብር ከኪስዎ ወጥቷል፤ 900 መጽሐፍም ሳሎንዎ ውስጥ በካርቶን ተደርድሮ እንግዳ ይቀበላል። ቁጥሮቹን በራስዎ የዋጋ ማቅረቢያ ይተኩና ስሌቱን ይድገሙት፤ ማተሚያ ቤት ከመግባትዎ በፊት ግን።

በዚህ መንገድ የሚሰረቀው ሰነዱ ነው። የተጠናቀቀው ፒዲኤፍ በገጽ ቀንባቢው ኮምፒውተር፣ በአርታኢው ፍላሽ፣ በማተሚያ ቤቱ ኢሜይል ውስጥ ይቀራል። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀው ስካን የተደረገ ሳይሆን ንጹሑ ፒዲኤፍ ከሆነ፣ ያፈተለከው ከእነዚህ ከአንዱ እጅ ነው። እኔ አሁን ለአርታኢ የምልከውና ለገጽ ቀንባቢ የምልከው ላይ ልዩ ልዩ ጥቃቅን ምልክት አደርጋለሁ፦ አንዱ ላይ ገጽ 47 ላይ ያለ ሰረዝ ይጎድላል፣ ሌላው ላይ ድርብ ይሆናል። ማን እንዳፈሰሰው ለማወቅ ይረዳል። ከማተሚያ ቤት ጋር በሚፈርሙት ውል ላይ ደግሞ የቅጂው ቁጥር በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ፤ ከዚያ በላይ ማተም የተከለከለ መሆኑም ይጠቀስ፤ ርክክቡ በሰነድ ይሁን። በየቅጂው ላይ ማኅተም ማሳረፍ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ትርፍ ቅጂ ገበያ ላይ ሲወጣ ግን ከእርስዎ እጅ ያልወጣውን የሚለዩት በእሱ ነው።

ለመጻሕፍት መደብር በአደራ የሚሰጡትን ሳያስፈርሙ አይስጡ። ይኼን ማብራራት አያስፈልግም።

መብት መሸጥ

አከፋፋዩ ወይም አሳታሚው ራሱ ያሳትማል፤ ለደራሲው አንድ ጊዜ ገንዘብ ይከፍላል። ከላይ ያለውን ስሌት ካስታወሱ፣ ለመጀመሪያው እትም 120,000 ብር ቢሰጥዎ መጥፎ አይደለም፤ ካርቶን ሳሎን አይገባም፣ መጽሐፉ አልሸጥ ቢል ኪሳራው የእሱ ነው። እኔ ይህን መንገድ አልነቅፍም። የምነቅፈው ያቺን የደረሰኝ መስመር ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ የደራሲን መብት በሁለት ይከፍለዋል። ኢኮኖሚያዊው መብት ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይወረሳል፤ ማስተላለፉም በጽሑፍ መሆን አለበት። የሞራል መብቱ፣ ማለትም ስምዎ በሥራዎ ላይ የመውጣቱና ሥራዎ ያለ ፈቃድዎ እንዳይበላሽ የመከልከሉ ነገር፣ ሽያጭ አያውቀውም። ጥበቃው የሚቆየው በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። አሁን ደረሰኟን መልሰው ያንብቧት። «መብት ሸጫለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ምናልባት ሁሉንም እትም ሸጦ ይሆናል፤ ወይም የአንድ እትም ብቻ ሸጦ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ክርክር ነው፤ ክርክር ደግሞ ጠበቃ ይፈልጋል።

ስለዚህ ውሉ ላይ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ይጠይቁ፦ «የመጀመሪያውን እትም፣ 3,000 ቅጂ፣ በወረቀት፣ በአማርኛ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመሸጥ፣ ለሦስት ዓመት።» ከዚህ ውስጥ ያልተጠራው ሁሉ የደራሲው ሆኖ ይቆያል የሚል መስመርም ይከተል። ትርጉሙ፣ የሬዲዮ ትረካው፣ ፊልሙ፣ በስልክ መተግበሪያ የሚሸጠው የድምፅ መጽሐፍ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። አከፋፋዩ «እኛ እንደዚህ አንጽፍም» ካለ ዋጋውን ከመከራከርዎ በፊት ምክንያቱን ይጠይቁት።

ከባሕር ማዶ የሚደወል ስልክ

ሜሪላንድ የምትኖር አክስቴ፣ እኛ እቴቴ የምንላት፣ የሕይወት ታሪኳን በእንግሊዝኛ ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ትሑት ድምፅ ያለው ሰው ደወለላት። መጽሐፏ «ተመርጧል»። ጥቅሉ 3,000 ዶላር ነው፤ ሕትመት፣ ማስታወቂያ፣ የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ ላይ መታየት።

«እቴቴ፣ ማን ነው የሚከፍለው?» አልኳት በስልክ።

«እኔ ነኝ እንጂ ልጄ። ግን ፊልም ያደርጉታል ብለውኛል።»

ፊልሙ ለብቻው የሚከፈልበት ሌላ ጥቅል ሆኖ መጣ። የአክስቴን ነገር የከፋ የሚያደርገው ብልህ ሴት መሆኗ ነው፤ ቤት ስትገዛ የደላላውን ወረቀት ሦስት ጊዜ ያነበበች ሰው ናት። ይህ ወጥመድ የሚይዘው በሞኝነት አይደለም። ዓመታት ለብቻ ተቀምጦ የጻፈን ሰው «አንብቤሃለሁ» ብሎ የሚጠራው ድምፅ ነው የሚይዘው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ፔጅተርነር የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅትን በሚመለከት ሦስት ሰዎችን መክሰሱን ይፋ አድርጓል። በክሱ መሠረት ከ800 የሚበልጡ ደራስያን፣ ብዙዎቹ አረጋውያን፣ ከ44 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጥተዋል፤ የተነገራቸውም ትልልቅ አሳታሚዎችና የፊልም ድርጅቶች ሥራቸውን እንደፈለጉ ነበር። አሠራሩ የአክስቴን ስልክ ቃል በቃል ይመስላል። እውነተኛ አሳታሚ ለደራሲው ይከፍላል። እውነተኛ የፊልም ሰው መብቱን ሊገዛ ይመጣል እንጂ ደራሲውን ለፊልም ጽሑፍ ማዘጋጃ አያስከፍልም። «አማዞን» የሚለውን ስም በራሱ ስም ላይ የለጠፈ ደዋይ ደግሞ ከአማዞን አይደለም።

አማዞን ኬዲፒ

ያው የአክስቴ መጽሐፍ ያለ ምንም ጥቅል በአማዞን ኬዲፒ፣ ደራሲው ራሱ በኢንተርኔት መጽሐፉን በሚያወጣበት የአማዞን አገልግሎት፣ ሊወጣ ይችል ነበር። ሰነዱን መጫን ነጻ ነው፤ መጽሐፉ የሚታተመው ገዢ ሲያዝ ብቻ ነው፤ መብቱ ከደራሲው አይወጣም፤ ሲፈልግም ከሽያጭ ያነሳዋል። አሜሪካ ውስጥ ባለ 200 ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ መደበኛ መጠን ያለው መጽሐፍ የማተሚያ ወጪው 3.40 ዶላር ግድም ነው። በ15 ዶላር ከሸጡት የእርስዎ ድርሻ 60 በመቶው፣ ማለትም 9 ዶላር ይሆናል፤ የሕትመቱ ሲቀነስ 5.60 ዶላር ይደርስዎታል። ከ9.99 ዶላር በታች ከተመኑት ግን ድርሻዎ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ስሌት የ3,000 ዶላሩን ጥቅል ለመመለስ ብቻ 536 ቅጂ መሸጥ ነበረባት።

ኬዲፒ በነጻ የሚሰጠውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ሌላ ቦታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ይህን እስከጻፍሁ ድረስ አማርኛ በኬዲፒ የቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። የወረቀት እትም ያወጡ አሉ፤ ዋስትና ግን የለውም። ረቂቅዎ በጥንቱ የግእዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ፣ ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ወደሚያነበው የፊደል አሠራር፣ ያስቀይሩት፤ አለበለዚያ «ሀገሬ» ያሉት ስክሪኑ ላይ የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ገንፎ ሆኖ ይቀርባል። ገዢዎ በብዛት አዲስ አበባ ያለው አንባቢ ከሆነም ይህ መንገድ አያዋጣዎትም፤ በእንግሊዝኛ የጻፈ ወይም አንባቢው በውጭ ያለ ሰው ግን ከዚህ ይጀምር።

የት ልመዝገብ?

መብቱ የሚወለደው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ኢትዮጵያም ውስጥ፣ አሜሪካም ውስጥ። ምዝገባ መብት አይፈጥርም፤ ማስረጃ ይሆናል። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሥራዎን ሲያስመዘግቡ ክርክር ሲነሳ የሚያቀርቡት ወረቀት ይኖርዎታል። አዋጁ ጥርስ አለው፦ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ደግሞ በእስራት ሊቀጣ ይችላል። ጥርሱ የሚነክሰው ግን ማን መቼ እንደጻፈው ማሳየት ለቻለ ነው።

አሜሪካ ላለ ደራሲ ምዝገባው ከማስረጃ ያለፈ ነው። አንድ ደራሲ ለአንድ ሥራ በኢንተርኔት ሲያስመዘግብ ክፍያው 45 ዶላር ነው። ጥሰቱ ከመጀመሩ በፊት ወይም መጽሐፉ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ካስመዘገበ፣ የደረሰበትን ኪሳራ በሳንቲም ሳያስረዳ በሕግ የተወሰነውን ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ በአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000። የጠበቃ ወጪው እንዲተካለትም መጠየቅ ይችላል። ካረፈደ ሁለቱንም ያጣል። ለራስ በፖስታ ረቂቅ ልኮ ሳይከፍቱ ማስቀመጥ የሚባለው ዘዴ ምዝገባን አይተካም። እዚህም እዚያም ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩ ላይ ነው፤ በ978-99944 የሚጀምረው የኢትዮጵያ ቁጥር መጽሐፉን ከመጽሐፍ ይለየዋል እንጂ ባለቤቱን አይነግርም።

እኔስ?

ሁለተኛውን መጽሐፌን ያንኑ መንገድ፣ ወደ ሌላ አከፋፋይ ይዤ ሄድሁ። ካርቶን የማስቀምጥበት ሳሎን የለኝም። ሰውየው ደረሰኙን ከመሳቢያው ሲያወጣ እኔ በሁለት ገጽ የተተየበ ውል ከቦርሳዬ አወጣሁ። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ጠበቃ ሆነሃል እንዴ?» አለኝ።

ስለ ድምፅ መጽሐፍ የሚናገረውን አንቀጽ በጣቱ ደጋግሞ መታው። «ይኼን ከተውክልኝ በዋጋው እንስማማለን፤ ካልተውክ 20,000 እቀንሳለሁ።» ቀንስ አልኩት። በየገጹ ፈረምን፤ አንዱን ቅጂ እኔ ወሰድሁ። የማኪያቶውን ሒሳብ በዚያን ቀን የከፈልሁት እኔ ነኝ።