ሀዋሳ ላይ ዴክ (ግቢ ውስጥ ከጣውላ የሚሠራ ወለል) ልታሠሩ ያሰባችሁ፦ «በካሬ ይሄን ያህል» ስትባሉ ቶሎ አትስማሙ

ሠሪው በካሬ የሚነግራችሁ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከላይ የሚታየው ጣውላ ብቻ ነው። ከሥር የሚገባው ብረት፣ ጣውላውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ክሊፕ፣ የጠርዝ መሸፈኛው፣ ደረጃው፣ ከአዲስ አበባ ማጓጓዣው፣ 15 በመቶ ቫቱ፣ ሁሉም ቀብድ ከተከፈለ በኋላ አንድ በአንድ ይመጣሉ። ግቢው ከተቆፈረ ወዲያ ደግሞ «በቃ ተዉት» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ብዛቱን አስቀድማችሁ ራሳችሁ አስሉት።

4 በ5 ሜትር፣ ማለትም 20 ካሬ እንውሰድ። ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራው የደብሊውፒሲ ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመሃል 5 ሚሊ ሲተው በ4 ሜትሩ በኩል 28 ረድፍ ይገባል። እያንዳንዱ ረድፍ 5 ሜትር ነውና ድምሩ 140 ሜትር ጣውላ ይሆናል፤ ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ጨምሩበት።

ዋናው ማታለያ ግን ከሥር ነው፤ ጣውላው ከለበሰ በኋላ ማን ያየዋል? ለደብሊውፒሲ የተሸካሚው ቱቦላሬ (ባለአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ርቀት መሃል ለመሃል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። በ35 ስናሰላው 16 ተሸካሚ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ 4 ሜትር፣ በጠቅላላው 64 ሜትር። ይህ ማለት ባለ6 ሜትሩ ብረት 11 ይገዛል ማለት ነው። ሠሪው ወደ 60 ካራራቀው በ10 ተሸካሚ፣ በ7 ብረት ይወጣዋል። 4 ብረት ኪሱ ገባ። ክሊፑም 430 አካባቢ መሆኑ ቀርቶ ወደ 270 ይወርዳል። መጀመሪያ ምንም አይታወቅም፤ ሙቀቱ ሲበረታ ግን ጣውላው በተሸካሚዎቹ መሃል እየረገበ ይሰረጉዳል።

«1.5 ሚሊ ነው» ተብሎም 1 ሚሊ ሊገባ ይችላል። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ ሚዛን ይበቃል። 40 በ40 የሆነ ባለ6 ሜትር ቱቦላሬ 1.5 ሚሊ ከሆነ 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 1 ሚሊ ከሆነ 7 ኪሎ ተኩል አይሞላም። ጫፉን በዓይን አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ሲቆረጥ እዚያ ላይ የሚቀረው ስለት ብረቱን ወፍራም ያስመስለዋል።

ብየዳ አንቲረስቱን፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ቀለሙን፣ ያቃጥለዋል። ከብየዳ በኋላ ቦታው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ሁለት እጅ እንደገና ይቀባ፣ የቱቦላሬው ክፍት ጫፍም በላሜራ ይዘጋ። ሀዋሳ ከበልግ አንስቶ እስከ መስከረም ዝናብ አያጣትም፤ ይህ ከታለፈ ዝገቱ ከብየዳው ይጀምራል።

እንጨት ይሻለናል ለምትሉ፣ ጠላቶቻችሁ ምስጥና እርጥብ እንጨት ናቸው። ትኩስ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ብሎኑን ያላላል። «የተቃጠለ ዘይት ቀብተነዋል» ቢሏችሁ አትርኩ፤ ዘይቱ ላዩን ያጠቁራል እንጂ ወደ ውስጥ እምብዛም አይዘልቅም፣ የተቀመጠበትን ሰው ልብስ ግን በደንብ ያበላሻል። ሞራሌው (ከሥር ጣውላውን የሚሸከመው እንጨት) አፈር ሳይነካ በኮንክሪት መሠረት ላይ ይረፍ፣ ከሥሩም ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። እንዲህ ከሆነ ምስጥ መሠረቱ ላይ የጭቃ መንገዱን ሲሠራ በጊዜ ታዩታላችሁ።

ደብሊውፒሲን «ዕድሜ ልክ» የሚል ሻጭም አለ። ምስጥ እንደ እንጨት አይደፍረውም፣ ይህ እውነት ነው። ፀሐይ ግን ያደበዝዘዋል፣ እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግር አይረገጥም፣ ሲሞቅም ይረዝማል። ጫፍ ለጫፍ 5 ሚሊ ያህል ሳይተው ከተገጠመ ተገፋፍቶ ይነሳል።

70 በመቶ ቅድሚያ የሚጠይቅን አትቀበሉ። የጣውላው ብዛት፣ የብረቱ ውፍረት፣ የተሸካሚው ርቀት፣ ማጓጓዣውንና ቫቱን ማን እንደሚችል ውሉ ላይ ይስፈር። አንዱ ክፍያ ዕቃው ግቢ ሲገባ፣ ሁለተኛው ብረቱ አልቆ ጣውላ ሳይለብስ ይሁን። የዚያን ዕለት ሜትር ይዛችሁ ለኩ፣ ፎቶ አንሱ። 10 በመቶውን ደግሞ ደህና ዝናብ ጥሎ ውኃው ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ውጭ መውረዱን እስክታዩ ያዙት። የተረፈውንም ጣውላ ጭነው እንዳይሄዱ፤ ከፍላችሁበታል፣ ለጥገና ስትፈልጉት ያው ቀለም ገበያ ላይ ላይኖር ይችላል።