ሉክሰን፦ ለቀንና ሰዓት ስሌት ምን ያህል ይጠቅማል? የኢትዮጵያ አቆጣጠር ላይስ?

የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ይዞት የሚመጣው የቀን መያዣ «ዴት» ወር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ይዛችሁ ወሩን ወደ ፌብሩዋሪ ብትቀይሩት፣ ፌብሩዋሪ 31 ስለሌለ ምንም ሳይናገር ማርች 3 ላይ ያርፋል። ለዚህ የተሠራው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ሉክሰን ወር የሚቆጥረው ከ1 ሲሆን፣ በዚያው ቀን ላይ «ፕላስ» ብላችሁ አንድ ወር ስትጨምሩ ፌብሩዋሪ 28 ይሰጣችኋል። ላይብረሪው ከእሱ በፊት የነበረውን የቀን ላይብረሪ ሞመንትን የሠራው ቡድን ያወጣው ነው። ሞመንት ራሱ ከ2020 ወዲህ ለአዲስ ፕሮጀክት አይመከርም፤ ትልቁ ችግሩም ቀን ሲጨመርበት የመጀመሪያውን እሴት መቀየሩ ነበር። ሉክሰን ሁልጊዜ አዲስ እሴት ይመልሳል፤ የያዛችሁት አይነካም።

ወር መደመር ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፌብሩዋሪ 28 ላይ እንደገና አንድ ወር ብትጨምሩ ማርች 28 እንጂ ማርች 31 አታገኙም። ስለዚህ የብድር ወይም የኪራይ መክፈያ ቀኖች ስታወጡ አንዱን ከሌላው ላይ አትቀጥሉ። ሁሉንም ከመነሻው ቀን አስሉ፦ መነሻው ሲደመር 1 ወር፣ መነሻው ሲደመር 2 ወር፣ መነሻው ሲደመር 3 ወር።

ሉክሰንን ለመምረጥ ትልቁ ምክንያት «1 ቀን» እና «24 ሰዓት» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቁ ነው። ኢትዮጵያ ሰዓት ስለማትቀያይር ልዩነቱ እዚህ አይታይም፤ ዋሽንግተን ያለ ደንበኛ ሲመጣ ግን ይታያል። እዚያ ማርች 9 ቀን 2025 የ23 ሰዓት ቀን ነበር። ከማርች 8 እኩለ ቀን ላይ 24 ሰዓት ከጨመራችሁ በማግስቱ 13፡00 ትደርሳላችሁ፤ 1 ቀን ከጨመራችሁ ግን 12፡00 ላይ ናችሁ። ከአዲስ አበባ ያለው ልዩነትም በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው። ዳታቤዝ ውስጥ «ሲቀነስ 5» የሚል ቁጥር ማስቀመጥ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ያሳስታል። «አሜሪካ/ኒው ዮርክ» የሚለውን የዞን ስም አስቀምጡ፤ ሉክሰን ከስሙ ተነስቶ የየቀኑን ልዩነት ራሱ ያወጣል።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያለ ተጠቃሚ ከቀን መምረጫው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025ን ይመርጣል። ብራውዘሩ በአካባቢው ሰዓት እኩለ ሌሊት ብሎ ይይዘዋል። ኮዱ ቀኑን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ «ቱ አይሶ ስትሪንግ» ሲለው ወደ ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቀየራል፤ 3 ሰዓት ይቀነስና ሴፕቴምበር 10፣ 21፡00 ይሆናል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ 10 ፊደላት ተቆርጠው ወደ ሰርቨር ይሄዳሉ፤ መስከረም 1 የነበረው ጳጉሜን 5 ሆኖ ይመዘገባል። በሉክሰን «ቱ አይሶ ዴት» ብላችሁ ቀኑን ብቻ ውሰዱ፤ ወደ ዩቲሲ ሳይሄድ ሴፕቴምበር 11 ይሰጣችኋል። የልደት ቀን፣ የበዓል ቀን፣ የውል ቀን ሰዓት የላቸውም፤ ሰዓት አታሸክሟቸው።

በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያወጣው «ዲፍ» ምንም ክፍል ካልነገራችሁት የሚመልሰው ሚሊሰከንድ ነው። ውጤቱ ላይ «ዴይስ» ብላችሁ ብትጠይቁ 0 ታገኛላችሁ፤ ብዙ ሰው ላይብረሪው የተበላሸ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። ክፍሉን «ዴይስ» ብላችሁ ለ«ዲፍ» ራሱ ስጡት። ሰዓት ያላቸው እሴቶች ከሆኑ ቀድማችሁ ሁለቱንም በ«ስታርት ኦፍ» ወደ ቀኑ መጀመሪያ መልሱ፤ አለበለዚያ 2.6 ቀን የሚል ነገር ይመጣል። የተሳሳተ ቀን ሲገባም ሉክሰን በራሱ ስህተት አይጥልም፤ ዝም ብሎ ዋጋ የሌለው ቀን ይዞ ይቀጥላል። ፕሮጀክቱ ሲጀመር «ትሮው ኦን ኢንቫሊድ» የሚለውን ቅንብር አብሩት። ከፋብሪካው ጠፍቶ መምጣቱ ተገቢ አይመስለንም።

የኢትዮጵያ አቆጣጠር ላይ ስንመጣ ሉክሰን ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው። የማሳያ ካላንደሩን «ኢትዮፒክ»፣ ቋንቋውን አማርኛ ካደረጋችሁት «መስከረም 1» ብሎ ይጽፍላችኋል። ይህ ግን ማሳያ ብቻ ነው። ከዚያው እሴት ላይ ወሩን ብትጠይቁት 9 ይላል እንጂ 1 አይልም፤ አንድ ወር ጨምር ስትሉትም የሚጨምረው የፈረንጁን ወር ነው። ተጠቃሚ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፈውን ቀንም አያነብም። ሰዓታችንንም አያውቀውም። ለዚያ የፈረንጁ ሰዓት ላይ 6 ደምራችሁ ለ12 አካፍሉና ቀሪውን ውሰዱ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ነው። 7፡00 ጠዋት 1 ሰዓት፣ 18፡00 ማታ 12 ሰዓት ይሆናል። ይህን በማሳያው ጽሑፍ ላይ ብቻ አድርጉት፤ እሴቱ ራሱ ላይ 6 ሰዓት ከደመራችሁ ከ18፡00 እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ቀን ይዛባል።

በኢትዮጵያ ወር ማስላት የግድ ከሆነ «ቴምፖራል» የሚባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት አካል ይሻላል። ፋየርፎክስ ከ139ኛው እትም ጀምሮ ይዞታል፤ ለቆዩ ብራውዘሮች ፖሊፊል (የጎደለውን የሚሞላ ተጨማሪ ኮድ) ያስፈልጋል። «ኢትዮፒክ» ካላንደር ላይ ወርና ዓመት ይደምራል፤ መስከረም 30 ላይ አንድ ወር ሲጨመር ጥቅምት 30 ይላል። ጳጉሜንን ግን እንደ 13ኛ ወር ይቆጥራታል፦ ነሐሴ 30 ቀን 2017 ላይ አንድ ወር ብትጨምሩ ጳጉሜን 5 ትደርሳላችሁ። ወርሃዊ ክፍያ የሚያስከፍል ሲስተም ካላችሁ ይህን ሳትይዙ ብትለቁት ደንበኛው በዓመት 13 ደረሰኝ ይደርሰዋል። ወሩ 13 ሲሆን ወደ መስከረም የሚያሳልፍ አንድ መስመር ጨምሩበት።

ለድረ ገጽ ክብደት የምትጨነቁ ከሆነ፣ ቀን ማሳየትና ጥቂት መደመር ብቻ ለሚፈልግ ገጽ 2 ኪሎባይት ገደማ የሆነው ዴይ ጄኤስ የተባለ ላይብረሪ ይበቃል። ቀጠሮ፣ ክፍያና ከአንድ በላይ የሰዓት ዞን ካለ ሉክሰንን ውሰዱ።